ማወቅ ያለብዎ፦ የመብራት መስመር ኩባንያን ትርፍ ከማመንዎ በፊት

ኬንያ ፓወር እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ላይ የዘጋውን የበጀት ዓመት የጨረሰው በ3.19 ቢሊዮን ሺሊንግ የተጣራ ኪሳራ ነበር። በዓመቱ 30.08 ቢሊዮን ሺሊንግ የተጣራ ትርፍ ይዞ ብቅ አለ። ምሰሶዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ትራንስፎርመሮቹም እነዚያው። ታሪፍ ጨምሮ ነበር፣ ሽያጭም አድጓል። ከለውጡ ትልቅ ድርሻ የነበረው ግን ሺሊንጉ በዶላር ላይ አገግሞ በውጭ ምንዛሪ የተወሰደው ብድር በሺሊንግ ሲሰላ መቅለሉ ነው። የትርፉን ቁጥር ብቻ ጋዜጣ ላይ አይቶ አክሲዮን የገዛ ሰው ምን እንደገዛ አላወቀም።

ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና የሚያከፋፍል ኩባንያ ሒሳብ ከቢራ ፋብሪካ ሒሳብ ይለያል። ሀብቱ ከሞላ ጎደል ተራራ ላይ የተተከለ ብረት፣ መንገድ ዳር የቆመ ምሰሶና መሬት ውስጥ የተቀበረ ገመድ ነው። የንብረቱ ዕድሜ ረጅም ነው፤ የተሠራበት ገንዘብ አብዛኛው ብድር ነው፤ የሚሸጥበትን ዋጋ ደግሞ ኩባንያው ብቻውን አይወስንም። በዚህ ምክንያት ትርፉን ሽያጩ ብቻ አይወስነውም፤ ማኔጅመንቱ የመረጠው የሒሳብ ፖሊሲም ይወስነዋል። ፖሊሲው ያለው ደግሞ ሰው ሁሉ በሚዘለው ማብራሪያ ውስጥ ነው። አክሲዮን ወይም ቦንድ ሊገዙ ካሰቡ፣ በቦርድ ተቀምጠው ሒሳብ የሚያጸድቁ ከሆነ፣ ወይም ባንክ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ድርጅት የብድር ጥያቄ የሚያዩ ከሆነ፣ ከመወሰንዎ በፊት የሚከተሉትን ይጠይቁ።

ሒሳቡ የተሠራው በየትኛው ደረጃ ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ከወጣ ወዲህ የመንግሥት ልማት ድርጅቶችም ጭምር ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በየቢሮው አይኤፍአርኤስ የሚባለውን፣ እንዲከተሉ ተደርጓል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ኬንያ በዚሁ መንገድ ናት፤ የእንግሊዙ ናሽናል ግሪድም እንዲሁ። አሜሪካ ግን የራሷ ደረጃ አላት፤ ልዩነቱ የት ድረስ እንደሚያደርስ ወደ ታች ስንወርድ እናየዋለን።

እግረ መንገድዎን የማብራሪያውን ርዝመት ሳይሆን ይዘቱን ይዩ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አይኤፍአርኤስ የሚጠይቀው ለአንባቢው ውሳኔ ክብደት ያለው የፖሊሲ መረጃ እንዲገለጽ ነው። ያም ሆኖ ደረጃውን ቃል በቃል እየገለበጠ ገጽ የሚሞላ ኩባንያ ዛሬም አይጠፋም። «ቋሚ ንብረት በተገዛበት ዋጋ ይመዘገባል፤ የእርጅና ተቀናሹ ይቀነሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አልነገረዎትም። «የእንጨት ምሰሶ ይህን ያህል ዓመት፣ የኮንክሪት ምሰሶ ይህን ያህል፣ ትራንስፎርመር ይህን ያህል» የሚል ከሆነ ግን ቁጭ ብለው ያንብቡት።

የምሰሶው ዕድሜ ስንት ተብሏል?

አንድ አከፋፋይ ኩባንያ 40 ቢሊዮን ብር የወጣበት መስመርና መሣሪያ አለው እንበል። የአገልግሎት ዘመኑን 25 ዓመት ብሎ ከገመተ በየዓመቱ 1.6 ቢሊዮን ብር የእርጅና ተቀናሽ ከትርፉ ላይ ይነሳል። 40 ዓመት ካለ ግን ተቀናሹ 1 ቢሊዮን ብር ብቻ ነው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ሳይሸጥ የዓመቱ ትርፍ ከግብር በፊት በ600 ሚሊዮን ብር አደገ ማለት ነው። ሁለቱም ግምት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቀው የጥገና ክፍሉ ነው፤ ስለዚህ የአገልግሎት ዘመኑን ማን እንደወሰነው ይጠይቁ። መሐንዲሶች አይተውት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከሌላ ኩባንያ ሪፖርት የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ሌላ።

ሁለተኛው ጥያቄ ንብረቱ በክፍል በክፍል ተለይቷል ወይ የሚለው ነው። ከአይኤፍአርኤስ ደረጃዎች አንዱ የሆነው አይኤኤስ 16 የአንድ ንብረት ክብደት ያላቸው ክፍሎች ለየብቻ እንዲያረጁ ያዛል። አንድ ሰብስቴሽን ውስጥ ሕንፃ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ብሬከር አለ፣ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርና ሪሌይ አለ። ብረቱ አሥርተ ዓመታት ይቆማል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይቀየራል። ሰብስቴሽኑን እንዳለ በአንድ መቶኛ የሚያስረጅ ኩባንያ ዛሬ ትርፉን እያሳበጠ ነው፤ መቆጣጠሪያው ሲቀየር ግን ያልተቀነሰው ሒሳብ በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ቆጣሪም እንዲሁ ነው። ኩባንያው የድሮውን ባለ ዲስክ ቆጣሪ በዲጂታል ለመተካት ፕሮጀክት ጀምሮ ከሆነ፣ የድሮው ቆጣሪ ቀሪ ዕድሜ ያን ጊዜውኑ ማጠር አለበት። አሥራ አምስት ዓመት ይቀረዋል ተብሎ መዝገብ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው የመነሻ ዋጋው ነው። ብዙ የአፍሪካ የመብራት ድርጅቶች ወደ አይኤፍአርኤስ ሲገቡ የድሮ መስመራቸው በስንት እንደተሠራ የሚያሳይ የተሟላ ሰነድ አልነበራቸውም። ደረጃው ለዚህ መውጫ ሰጥቷል፦ ንብረቱን በባለሙያ አስገምቶ ያንን እንደ መነሻ ዋጋ መያዝ ይቻላል፤ ታሪፋቸው በተቆጣጣሪ የሚወሰንላቸው ደግሞ በድሮው መዝገብ ላይ የነበረውን ቀሪ ዋጋ መውሰድ ይችላሉ። ሁለቱ መንገዶች በጣም የተራራቀ ቁጥር ያመጣሉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን እንደታየው ያለ ክፍፍል በሚደረግበት ቦታ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ መስመር በማን መዝገብ ላይ ነው ያለው? በሁለቱም ላይ ተመዝግቦ ይሆን? በአንዳቸውም ላይ ሳይኖርስ ቢቀር?

ከዚያ በኋላ ንብረቱ በተገዛበት ዋጋ ይቀጥላል ወይስ በየጊዜው እንደገና ይገመታል? እንደገና የሚያስገምት ኩባንያ የካፒታል ድምሩ ደንዳና ይመስላል። ከፍ ያለው ግምት በመደበኛው ትርፍና ኪሳራ ውስጥ አያልፍም፤ በቀጥታ ወደ ካፒታል ይገባል። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን የእርጅና ተቀናሹን ያሳድጋል። ስለዚህ በግመታ የሚሄደውን ኩባንያ በግዢ ዋጋ ከሚሄደው ጋር በትርፍ ምጣኔ ማወዳደር ከንቱ ልፋት ነው።

ጥገና ነው ወይስ ንብረት?

ለእኔ ከሁሉም በላይ መጨቃጨቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው። የመስመር ሠራተኞች መኪና ይዘው ወጥተው የወደቀ ምሰሶ ተክለው ተመለሱ። የቀን አበላቸው፣ ነዳጁና ምሰሶው የዓመቱ ወጪ ነው ወይስ ንብረት ላይ የሚደመር? መስመሩን ወደ ነበረበት መመለስ ጥገና ነው። ያረጀ የእንጨት መስመርን አንስቶ በኮንክሪት መተካት ግን አዲስ ንብረት ነው። በዚህ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ በማኔጅመንቱ እጅ ነው። ዓመቱ ጥሩ ካልሆነ ጥገናውን ካፒታላይዝ ማድረግ፣ ማለትም ከወጪ አውጥቶ ንብረት ላይ መለጠፍ፣ የተለመደ ፈተና ነው።

ምልክቱን ለማግኘት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። ለራስ ሥራ ተብሎ ካፒታላይዝ የተደረገውን የሠራተኛ ደመወዝ ከጠቅላላው የደመወዝ ወጪ ጋር ያስተያዩ፤ ድርሻው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ከሄደና ግንባታው ግን ካልጨመረ ይጠይቁ። የዋናው መሥሪያ ቤት አስተዳደራዊ ወጪ በንብረት ዋጋ ውስጥ እንዲገባ ደረጃው አይፈቅድም። ሌላው የተነሳው አሮጌ ምሰሶ ነው። አዲሱ ሲመዘገብ የአሮጌው ቀሪ ዋጋ ከመዝገብ መውጣት አለበት። የተወገደ ንብረት ዓምድ በየዓመቱ ባዶ ወይም ለዓይን የማይሞላ ከሆነ፣ ኩባንያው መሬት ላይ የሌሉ ምሰሶዎችን እያስረጀ ነው ማለት ነው።

በጦርነት ወይም በጎርፍ የወደመ መስመርም እዚሁ ይነሳል። በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱት የማስተላለፊያ መስመሮች የቅርብ ምሳሌ ናቸው። ብዙ የመስመር ኩባንያዎች መረባቸውን በሙሉ ገንዘብ እንደሚያመነጭ አንድ ክፍል ስለሚቆጥሩት፣ አንዱ አካባቢ ቢዳከም የሌላው ገቢ ይሸፍነዋል ተብሎ የዋጋ መቀነስ ላይመዘገብ ይችላል። ይህ አግባብ ነው። ፈርሶ መሬት የወደቀ ብረት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከመዝገብ ይወጣል።

ያላለቀ ግንባታ የት ላይ ያልቃል?

«በግንባታ ላይ ያለ» የሚለው ዓምድ ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ አያረጅም። የብድሩ ወለድም በአይኤኤስ 23 መሠረት በንብረቱ ዋጋ ላይ ይደመራል እንጂ ትርፉን አይነካም። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት በዚህ ዓምድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ትርፉ ያምራል። የመውጫው ቀን ንብረቱ ለሥራ ዝግጁ የሆነበት ነው፤ ሪባን የተቆረጠበት አይደለም። የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ቀኖች መካከል ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ አለ። ግድብ መስመር ባይሆንም ትምህርቱ ለመስመርም ይሠራል፦ ኃይል ተሸክሞ የሚያድር መስመር በግንባታ ላይ ነው ሊባል አይችልም።

ሥራው ለረጅም ጊዜ የቆመ ፕሮጀክትስ? ተቋራጩ ጥሎ ከሄደ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ከቀረ፣ ወለዱን መደመር ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወለድ በቀጥታ ወደ ወጪ ነው የሚሄደው። የፕሮጀክት ዝርዝር ይጠይቁና የተጀመሩበትን ዓመት ይዩ።

ደንበኛው በገዛው ትራንስፎርመር ማን አተረፈ?

የአፓርትመንት አልሚ ወይም የፋብሪካ ባለቤት መብራት ለማስገባት ትራንስፎርመሩንና መስመሩን በራሱ ገንዘብ ያስተክላል፤ ከዚያ ንብረቱ የአከፋፋዩ ይሆናል። ኩባንያው በነፃ ንብረት አገኘ። ይህን ምን ብሎ ይመዝግበው?

አንዱ መልስ፦ ደንበኛውን ማገናኘት ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው፤ ተገናኘ፣ አለቀ፤ ገቢው የዚህ ዓመት ነው። ሌላው መልስ፦ ማገናኘቱ ብቻውን ለደንበኛው ምንም አይፈይድለትም፤ የሚፈልገው ወደፊት የሚመጣለትን መብራት ነው፤ ስለዚህ ገቢው ወደ ፊት ተላልፎ በንብረቱ ዕድሜ ልክ በጥቂት በጥቂቱ ይመዝገብ። ቀድሞ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የወጣ መመሪያ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አይኤፍአርኤስ 15 ሲተካው ጉዳዩ በውሉ ይዘት ላይ በሚደረግ ዳኝነት የሚወሰን ሆነ። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ኩባንያዎች የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

በቁጥር እንየው። አንድ አልሚ 12 ሚሊዮን ብር የወጣበትን ትራንስፎርመርና መስመር አስረከበ እንበል፤ ዕድሜው 30 ዓመት። በመጀመሪያው ፖሊሲ 12 ሚሊዮኑ በሙሉ የዘንድሮ ገቢ ነው። በሁለተኛው የዘንድሮ ገቢ 400,000 ብር ነው፤ ቀሪው 11.6 ሚሊዮን በዕዳ በኩል ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ደንበኛ በዓመት መቶ ቢመጣ ልዩነቱ 1.2 ቢሊዮን ለ40 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የመጀመሪያውን ፖሊሲ የያዘ ኩባንያ በከተማ ግንባታ ሞቅ ሲል ያተርፋል፣ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ይንኮታኮታል፤ የመብራት ሽያጩ ግን ያው ነው። ልብ ይበሉ፣ በዚህ ገቢ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የለም። የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ከትርፉ ጎን አስቀምጠው ያንብቡ።

ለገጠር ኤሌክትሪክ ከመንግሥት ወይም ከለጋሽ የሚሰጥ ገንዘብ በሌላ ደረጃ፣ በአይኤኤስ 20፣ ነው የሚያዘው። ኩባንያው ዕርዳታውን ከንብረቱ ዋጋ ላይ ሊቀንሰው ወይም ለብቻው እንደ ተላለፈ ገቢ ሊያስቀምጠው ይችላል። ትርፉ ላይ ልዩነት የለውም፤ የሀብቱ መጠን ግን በእጅጉ ይለያያል። ከገበያ በታች በሆነ ወለድ የተሰጠ የመንግሥት ብድር ካለም የወለዱ ቅናሽ ራሱ እንደ ዕርዳታ ይቆጠራል።

ያልተነበበው ቆጣሪ

ሰኔ 30 ቀን ማታ የአገሩ ቆጣሪ ሁሉ አይነበብም። አንባቢው ሰኔ 12 የጎበኘው ቤት ከዚያ በኋላ ባሉት 18 ቀናት የተጠቀመው ኃይል ገቢነቱ ለተዘጋው ዓመት ነው፤ ቢል ግን አልወጣለትም። ይህን ኩባንያው ይገምታል። ግምቱ የኃይል ብክነትን ማሰብ አለበት፤ ወደ መስመሩ የገባው ሁሉ ደንበኛ ጋ አይደርስም፣ የደረሰውም ሁሉ አይከፈልበትም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደታየው ታሪፉ በየሦስት ወሩ በሚጨምርበት ጊዜ ደግሞ የትኛው ቀን በየትኛው ዋጋ እንደተሰላ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

በካርድ ቆጣሪ ነገሩ ይገለበጣል። ደንበኛው በቴሌብር ከፍሎ ቆጣሪው ላይ የሞላው ኃይል ተጠቅሞ እስኪጨርሰው ድረስ የኩባንያው ገቢ አይደለም፤ ዕዳው ነው። ሲወጣ የሚመለስለት የደንበኛ ማስያዣም መቼም ገቢ አይሆንም።

ታሪፉ ወደፊት የሚክሰው ወጪ

ዋሽንግተንና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ወገኖቻችን መብራት የሚከፍሉት ለፔፕኮ ነው። እናት ኩባንያው ኤክሰሎን እ.ኤ.አ. በ2022 የማመንጫ ክፍሉን ለይቶ ካወጣ በኋላ ሥራው ማስተላለፍና ማከፋፈል ብቻ ሆኗል። ማዕበል መጥቶ መስመር ቢበጣጥስና ተቆጣጣሪው «ወጪውን በሚቀጥሉት ዓመታት ከደንበኛ ሰብስብ» ብሎ ቢፈቅድ፣ የአሜሪካ ደረጃ ያንን ወጪ ንብረት አድርጎ እንዲመዘግበው ያስችላል። ባለሱቁ የዱቤ ደብተሩን እንደ ሀብት እንደሚቆጥረው ማለት ነው።

በአይኤፍአርኤስ ግን ባጠቃላይ እንዲህ አይደረግም። ወጪው ዛሬ ይመታል፤ ገቢው ቢሉ ሲወጣ ይመጣል። አይኤፍአርኤስ 14 የሚፈቅደው ለጊዜው፣ ወደ ደረጃው አዲስ ለሚገቡ ኩባንያዎች፣ ያውም በድሮ አሠራራቸው ይህን ይመዘግቡ ለነበሩት ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ አውጪ ቦርድ ጉዳዩን በቋሚነት ለመፍታት እ.ኤ.አ. ጥር 2021 ረቂቅ አውጥቷል። ናሽናል ግሪድ ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ውስጥ መስመር አለው፤ ሪፖርቱ ግን በአይኤፍአርኤስ ነው። ስለዚህ ከሕጋዊው ትርፍ ጎን ይህን የጊዜ ልዩነት ያስተካከለ ሌላ የትርፍ ቁጥር ያወጣል። ኤክሰሎንንና ናሽናል ግሪድን በትርፍ ለማወዳደር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ይህን ካላስተካከለ የሚያወዳድረው ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ዶላሩ

ትርፍና ኪሳራን በአንድ ሌሊት የሚገለብጠው ይህ ነው። ትራንስፎርመሩ፣ ብረቱ፣ ኬብሉ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ብድሩም በዶላር ወይም በዩሮ። በአይኤኤስ 21 መሠረት የውጭ ብድር በዓመቱ መዝጊያ ቀን ምንዛሪ እንደገና ይሰላል፤ ልዩነቱም ባይከፈልም እንኳ ትርፉ ላይ ያርፋል።

የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ይመልከቱ። የመንግሥት ድርጅቶች የ2016 ሒሳብ ሰኔ 30 ተዘጋ። ብር በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ በተዘጋ በ22ኛው ቀን። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት በ2016 ሒሳቡ ላይ 57 ቢሊዮን ብር ገደማ ብሎ ይጽፈዋል። ዶላሩ 110 ብር ሲደርስ ያው ዕዳ 110 ቢሊዮን ሆኗል። የ53 ቢሊዮኑ ኪሳራ ግን በ2016 መዝገብ ውስጥ የለም፤ መኖርም የለበትም፤ በመዝጊያው ቀን ያልነበረ ሁኔታ ነውና። ደረጃው የሚጠይቀው በማብራሪያ እንዲገለጽና የሚያስከትለው ነገር በቁጥር እንዲገመት ነው። ስለዚህ የማንኛውንም የኢትዮጵያ ባለ ዕዳ ድርጅት የ2016 ሪፖርት ሲያነቡ «ከሒሳብ መዝጊያ በኋላ የተከሰቱ ሁኔታዎች» የሚለውን ማብራሪያ ሳያገኙ ገጹን አይግለጡ። እንደተለመደው የሚቀመጠው መጨረሻ አካባቢ ነው።

ተከታይ ጥያቄዎች አሉ። ገንዘብ ሚኒስቴር ከውጭ ተበድሮ ለድርጅቱ ሲያስተላልፍ የምንዛሪውን አደጋ የሚሸከመው ማነው? መልሱ በሁለቱ መካከል ባለው የብድር ውል ውስጥ ነው። የምንዛሪ ኪሳራውን ወደ ግንባታ ዋጋ የደመረ ካለ በምን መሠረት? ደረጃው የሚፈቅደው ልዩነቱ የወለድ ማስተካከያ ሊባል በሚችልበት ልክ ብቻ ነው። በዶላር የሚገባ ገቢስ አለ? ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያዋ ሱስዋ በተዘረጋው 500 ኪሎቮልት መስመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ የሚሸጠው ኃይል በዶላር የሚከፈል ነው። ይህ በዕውኑ ዓለም አደጋውን ያቀላል፤ በመዝገብ ላይ ግን ኪሳራው የዛሬ፣ ገቢው የወደፊት ነው። ኬንያ ውስጥ ደግሞ ከደንበኛው ቢል ላይ የምንዛሪ ማስተካከያ የሚባል ክፍያ ስላለ የኪሳራው ከፊል ወደ ደንበኛው ይተላለፋል።

የዋጋ ንረትን አንርሳ። የሦስት ዓመት ድምር ንረት ወደ መቶ በመቶ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ አይኤኤስ 29 ይመጣል፤ የድሮ ቁጥሮች ሁሉ በዛሬ የገንዘብ አቅም እንደገና ይሰላሉ። ሳፋሪኮም የኢትዮጵያ ኩባንያውን ሒሳብ ከናይሮቢ ሲያጠቃልል ይህን ማስተካከያ አድርጓል። የመስመር ኩባንያ ሀብት በአብዛኛው አሮጌ ንብረት ስለሆነ ውጤቱ ግዙፍ ነው።

መንግሥት ለመንግሥት

አመንጪውና አስተላላፊው የመንግሥት፣ አከፋፋዩ የመንግሥት፣ ትልልቆቹ ደንበኞችም የመንግሥት ሲሆኑ ሁለት ነገር ያጣሩ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የሁለቱን ሪፖርት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዱ «ይህን ያህል ይሰበሰብልኛል» ካለ ሌላው «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ማለት አለበት። ቁጥሩ ካልገጠመ ከሁለቱ የአንዱ ትርፍ ትክክል አይደለም። ሁለተኛው ተሰብሳቢ ሒሳቡ በዕድሜው ተከፋፍሎ መቅረቡ ነው። አይኤፍአርኤስ 9 ሊቀር የሚችለውን ገንዘብ ከወዲሁ ገምቶ እንዲያዝ ያስገድዳል። «መንግሥት ነው፣ አይክድም» ተብሎ ለሦስት ዓመት ውዝፍ ቢል ምንም መጠባበቂያ አለመያዝ አያሳምነኝም፤ ባይክድም መዘግየቱ ራሱ ወጪ ነው።

ፖሊሲ ተቀየረ ወይስ ግምት?

ኩባንያው የሒሳብ ፖሊሲ በፈቃዱ ሲቀይር ባለፈው ዓመት ዓምድ ላይ ያሉት ቁጥሮችም እንደገና ይሰላሉ፤ ለውጡ ዓይንዎ ላይ ይወድቃል። የምሰሶውን ዕድሜ ከ25 ወደ 40 ዓመት ሲያራዝም ግን የተቀየረው ግምት ነው፤ ያለፈው ዓመት አይነካም፤ የዘንድሮው ትርፍ ብቻ ዘሎ ይወጣል። ጋዜጣው «ትርፉ በዚህን ያህል መቶኛ አደገ» ይላል። ኩባንያው የለውጡን መጠን በማብራሪያ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ «የሒሳብ ግምት ለውጥ» የሚለውን ሐረግ ፈልገው ያግኙት።

ለጥንቃቄ ያህል፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2027 ጀምሮ ተግባራዊ የሚሆነው አይኤፍአርኤስ 18 የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን ቅርጽ ይቀይራል። ማኔጅመንቱ ለሕዝብ በራሱ መንገድ አስተካክሎ የሚያወጣቸው የትርፍ ቁጥሮችም በኦዲት በሚታይ ማብራሪያ ውስጥ ከሕጋዊው ቁጥር ጋር እንዲታረቁ ያስገድዳል። እስከዚያው «የተስተካከለ ትርፍ» የሚል ነገር ሲያዩ የተስተካከለው በማን እንደሆነ ይጠይቁ።

የኦዲተሩን አስተያየት ሆን ብዬ መጨረሻ ላይ አመጣሁት፤ እርስዎ ግን መጀመሪያ ያንብቡት። «ከዚህ በቀር» የሚል ቃል ካለበት የቀረው ምን እንደሆነ ይፈልጉ፤ በመስመር ኩባንያ ብዙውን ጊዜ የቋሚ ንብረት ቆጠራ ወይም የእርስ በርስ ሒሳብ አለመታረቅ ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ጊዜ የሚበቃዎ ለሦስቱ ብቻ ከሆነ የንብረቱን ዕድሜ፣ ደንበኛው ያስረከበውን ትራንስፎርመርና የዶላሩን ዕዳ ይያዙ። ማብራሪያው በእነዚህ ላይ ዝም ካለ ጥያቄዎን ለኩባንያው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልስ እስኪመጣም ገንዘብዎን ከኪስዎ፣ ፊርማዎን ከወረቀቱ ያቆዩ።